ለማን፣ በማን ፊት? ስለ ጃፓንኛ አንቱታ

ጃፓንኛ ልማር ብሎ የሚነሳ ሐበሻ መጀመሪያ የሚፈራው ፊደሉን ነው። እውነትም ያስፈራል፤ ለዕለት ተዕለት ንባብ ያስፈልጋሉ ተብለው በመንግሥት ዝርዝር የገቡት ካንጂ የሚባሉት ከቻይና የመጡ ፊደላት ብቻ 2,136 ናቸው። ፊደል ግን ቁጭ ብለው ካጠኑት ይገባል። እኔን ዓመታት ካለፉ በኋላም ቆም ብዬ እንዳስብ የሚያደርገኝ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውን ምን ብሎ መጥራት፣ ስለ አንድ ሰው በሌላ ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ማውራት እንደሚገባ። ጃፓኖች ይህን ሁሉ ኬይጎ ይሉታል። እኛ አንቱታ ከምንለው ጋር ይቀራረባል፤ አንድ ግን አይደለም።

ለትምህርትም ለሥራም ወደ ጃፓን የሚሄዱ ልጆቻችን ኬይጎን «የማጎብደጃ ቋንቋ» ሲሉት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር ይከነክነኛል። እዚያ ተምሬ፣ እዚያው ቢሮ ተቀጥሬ፣ ከሰዎቹ ጋር ውዬ ያየሁት እንደዚያ ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፈው።

አማርኛ ተናጋሪ ወደ ጃፓንኛ ሲገባ ብዙ ስንቅ ይዞ ነው። አብረውኝ የተማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግስ እንደሚወራለት ሰው ክብር ይለዋወጣል የሚለውን ነገር ለመቀበል ሲቸገሩ እኔ ምንም አልደነቀኝም። «መጣ» እና «መጡ»፣ «ተቀመጥ» እና «ይቀመጡ» ከልጅነታችን ጀምሮ አብረውን ያደጉ ናቸው። አክስታችንን «አንቺ» ብለን፣ የሰፈር ሽማግሌ ሲመጡ ደግሞ በዚያው ትንፋሽ «እርስዎ» የምንል ሰዎች ነን።

ጃፓንኛ ግን የግሱን ጫፍ በመለወጥ አያበቃም፤ ግሱን ራሱን ይቀይረዋል። «መብላት» በተራው ወሬ ታቤሩ ነው። የሚበሉት የማከብራቸው ሰው ከሆኑ ሜሺአጋሩ ይሆናል። እሳቸው ቤት ተጋብዤ የምበላው እኔ ከሆንኩ ደግሞ ኢታዳኩ። «ማለት»ም እንዲሁ ነው፤ በተራው ኢዩ፣ እሳቸው ሲሉ ኦሻሩ፣ እኔ በትሕትና ስል ሞሱ። ስለዚህ ባለቤቱ ሳይጠራ፣ ግሱን ብቻ ሰምቶ ማን እንደበላ፣ ማን እንደተናገረ መለየት ይቻላል። ጃፓኖች «እኔ» እና «አንተ» ሳይሉ ረጅም ወሬ የሚያወሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በትምህርት ቤት ኬይጎ ሦስት ተብሎ ይሰጣል። ሌላውን ከፍ የሚያደርገው ሶንኬይጎ፣ ራስን ዝቅ የሚያደርገው ኬንጆጎ፣ ለሚሰማው ሰው ሲባል ንግግሩን የሚያለሰልሰው ቴይኔይጎ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጃፓን የባህል ጉዳዮች ምክር ቤት ባወጣው መመሪያ አምስት አድርጓቸዋል፤ ራስን ዝቅ ማድረጉን ለሁለት ከፍሎ፣ ስምን የሚያሳምረውን ደግሞ ለብቻው አውጥቶ። ሻይን «ቻ» ከማለት ይልቅ «ኦቻ» ማለት ከዚህ ከመጨረሻው ይመደባል። አምስቱን መሸምደድ ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም። እኔን የያዘኝ ቴይኔይጎ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ውስጥ ጭራሹኑ የለንም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። «ዝናብ እየዘነበ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ለታናሽ ወንድሜም ለአያቴም የምናገረው በአንድ ዓይነት ቃል ነው። ዝናቡ አንቱም አንተም አይባል፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚከበር ሰው የለም። ጃፓንኛ ግን ለወንድሜ «አሜ ጋ ፉቴሩ» ብዬ፣ ለመምህሬ «አሜ ጋ ፉቴ ኢማሱ» እንድል ያስገድደኛል። ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። የተለወጠው የሚሰማኝ ሰው ብቻ ነው። እና ያ ሰው ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡር መዘግየት፣ ስለ ሹሮ ዋጋ ባወራው በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አለ። ጃፓንኛ ሲናገሩ የሚሰማውን ሰው ረስቶ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስተሳሰቤን የለወጠው ግን ስልክ ነው። ቢሮ በገባሁ ሰሞን ከውጭ ለሚመጣ ስልክ መልስ መስጠትን ለአዲስ ሠራተኞች በሙሉ አስተማሩን። የመምሪያችንን ኃላፊ ታናካ እንበላቸው። ቢሮ ውስጥ ማንም «ታናካ» ብሎ ደረቅ ስማቸውን አይጠራም፤ «ታናካ ቡቾ» ወይም በማዕረጋቸው ብቻ «ቡቾ» ነው የሚባሉት፤ የመምሪያ ኃላፊ ማለት ነው። ለእሳቸው የምንጠቀመው ግስ ሁሉ የአንቱታ ነው። ደንበኛ ደውሎ «ታናካ ሳን አሉ?» ሲል ግን የተማርነው መልስ «ታናካ ዋ ጋይሹትሱ ሺቴ ኦሪማሱ» የሚል ነው። ከስም ኋላ የሚቀጠለው የአክብሮት «ሳን» የለ፣ ቡቾ የለ። «ኦሪማሱ» የሚለው ግስ ደግሞ ስለ ራሴ በትሕትና ስናገር የምጠቀመው፣ ዝቅ የሚያደርገው ግስ ነው። በአማርኛ ጆሮ «ታናካ ወጥቷል» እንደማለት ነው፤ ያውም እሳቸው ሁለት ጠረጴዛ አልፈው ተቀምጠው እየሰሙ።

አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ተላላኪ ወይም ጸሐፊ «አለቃህ የት ሄደ?» ቢባል እንኳ «እሳቸው ወጥተዋል» ብሎ ነው የሚመልሰው። እንዲያውም ጠያቂው አንተ ካለ መላሹ አንቱ ብሎ ያርመዋል። አንቱታችን ሰውየው ላይ የተቀመጠ ነው። ሰውየው ቢኖርም ባይኖርም፣ ማንም ቢሰማ፣ ክብሩ አብሮት ይዞራል። አብራኝ ጃፓንኛ የተማረች ኮሪያዊት ነበረች፤ ኮሪያንኛም በዚህ በኩል እንደ እኛ ነው፤ የድርጅት ኃላፊ ለውጭ ሰው ሲወራም በማዕረጉና በአክብሮት ግስ ነው። ያን የስልክ መልስ ለመልመድ እሷም እኔም እኩል ጊዜ ወሰደብን።

ጃፓኖች የሚሉት እንዲህ ነው። ደንበኛው ሶቶ፣ ማለትም ውጭ ነው፤ እኔና ታናካ ደግሞ ኡቺ፣ ማለትም ውስጥ ነን። ከውጭ ሰው ፊት ስንቀርብ እኔና አለቃዬ አንድ ወገን ነን። የራሴን ወገን በሌላ ሰው ፊት ማሞገስ ራሴን ማሞገስ ስለሚሆን ከእኔ ጋር አብረው ዝቅ ይላሉ። እዚህ ላይ እስከዚያ ቀን ያልገባኝ ነገር ገባኝ። የጃፓንኛ አንቱታ ሰውየው ላይ አልተቀመጠም። የሚቀመጠው በተናጋሪው፣ በሚሰማው ሰውና በሚወራለት ሰው መካከል ነው፤ ከሦስቱ አንዱ በተለወጠ ቁጥር እሱም ቦታውን ይለውጣል።

ማስረጃው የደዋዩ ማንነት ነው። ደዋዩዋ የታናካ ባለቤት ከሆኑ ነገሩ ወዲያው ይገለበጣል። ለእሳቸው ታናካ የራሳቸው ሰው ናቸው፤ ከእኛ ይልቅ ለእሳቸው ይቀርባሉ። ስለዚህ መልሱ ማዕረግና የአክብሮት ግስ ተመልሶበት «ቡቾ አሁን ወጣ ብለዋል» ዓይነት ይሆናል። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ስልክ። በአምስት ደቂቃ ልዩነት አንዴ ዝቅ አንዴ ከፍ ሲደረጉ ታናካ ቅንጣት አይከፋቸውም፤ የሚከፋቸው ብንገለብጠው ነው።

ይህ የሚጀምረው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ቤት ነው። ልጅ እናቱን «ኦካሳን» ይላል። አድጎ ስለ እናቱ ለውጭ ሰው ሲያወራ ግን «ሃሃ» ማለትን ይማራል፤ ሳን የሌለው፣ ልከኛ ስም። የሌላ ሰው እናት ምንጊዜም «ኦካሳን» ናት። ጎልማሳ ሰው በሥራ ቦታ የራሱን እናት «ኦካሳን» ካለ ገና ልጅነቱ ያልለቀቀው ተደርጎ ይታያል። እኛ «እናቴ» ስንል ፍቅርም ኩራትም አለበት፤ ማንም ቢሰማ አንቀንሳትም። ይህን ለጃፓን ጓደኞቼ ሳስረዳ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም እንደ እነሱ ልቀንስ ብል እናቴ ላይ አፌ እሺ አይለኝም። ሃሃ የምለው ደንቡን ስለማከብር ነው።

የሚያቀራርበን ነገርም አለ። የጃፓን ባልና ሚስት ልጅ ከወለዱ በኋላ እርስ በርሳቸው «ኦካሳን»፣ «ኦቶሳን» መባባል ይጀምራሉ፤ በልጃቸው አፍ እንደሚጠራሩ ማለት ነው። የእኛ እናቶች «የአበበ አባት» ሲሉ፣ አባቶች «የልጆቼ እናት» ሲሉ የሰማ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ታላቅ ወንድምና እህት በስም ሳይሆን «ኦኒሳን»፣ «ኦኔሳን» ይባላሉ፤ ታናሽ ግን በስሙ። ጋሼ እና እትዬ ብለን ያደግን ሰዎች ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

«አንተ» የሚለው ነገር ግን ሌላ ነው። መማሪያ መጻሕፍት «አናታ» ብለው ይጀምራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የብሔራዊ ቋንቋ ምክር ቤት ለጦርነቱ ማግስት ዘመን የሚሆን ቀለል ያለ አንቱታ ሲመክር «ለራስ ዋታሺ፣ ለሌላው አናታ፣ ለስም ሳን» ብሎ ነበር። ሳን ያዘለት። አናታ ግን ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለታላቅ ፈጽሞ አልሆነም። ሰዎቹ የመረጡት መንገድ «አንተ»ንም «እርስዎ»ንም መተው ነው። መምህሯ ፊት ለፊቴ ቆመው «ሴንሴይ ነገ ይመጣሉ?»፣ መምህር ነገ ይመጣሉ ወይ፣ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስላል። ተውላጠ ስም ጣት እንደመቀሰር ይሆንባቸዋል። የሰውን ስም ወይም ማዕረግ ደጋግሞ መጥራት ይሻላል ብለው ያምናሉ፤ እኔም ከጊዜ በኋላ አመንኩበት።

ስም ላይ ከመጣን እዚህ ትንሽ ልቆይ። ሳን ለሁሉም ይሆናል፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለአለቃ፣ ለጎረቤት። ሳማ ለደንበኛና በደብዳቤ ላይ ነው። ኩን በአብዛኛው ለወንድ ልጅና ለበታች፣ ቻን ለሕፃንና ለቅርብ ሰው። ሴንሴይ ለመምህር፣ ለሐኪም፣ ለጠበቃ፣ ለምክር ቤት አባልም ጭምር። ሁሉም ለሌላ ሰው ብቻ የሚቀጠሉ ናቸው፤ የራስን ስም ሳን ብሎ ማስተዋወቅ የለም። ስምን ያለ ምንም ቅጥያ መጥራት ወይ የልብ ወዳጅነት ነው፣ ወይ ድፍረት ነው፣ ወይ ቅድም እንዳልኩት የራስን ወገን ለውጭ ሰው ማውራት ነው። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው እንኳ በዜና ላይ ስሙ እርቃኑን አይወጣም። ድሮ በደረቁ ይጠራ ነበር፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን መገናኛ ብዙኃኑ «ዮጊሻ»፣ ተጠርጣሪ፣ የሚለውን ከስሙ ጀርባ ይጨምሩለታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ። የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ በስማቸውም አይጠሩም፤ «ቴኖ ሄይካ» ነው የሚባሉት። ሲያርፉም የዘመናቸው ስም ስማቸው ይሆናል፤ ሂሮሂቶ ሾዋ እንደተባሉት። «ጃንሆይ» በሚባልበት ቤት ላደገ ሰው ይህም ቅርብ ነው።

ሳን የሚቀጠለው ደግሞ ቤተሰብ ስም ላይ ነው። ጃፓን ውስጥ ተራው ሕዝብ በመዝገብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1870፣ ግዴታ የሆነው በ1875 ነው። ዛሬ ግን ያለዚያ ስም ቅጽ አይሞላም፣ ሆስፒታል ውስጥ ወረፋ አይጠራም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል የለንም። የፓስፖርታችን የስም ሳጥን የአባት ወይም የአያት ስም ወስዶ እዚያ ቦታ ያስገባዋል። የጃፓን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድም ፓስፖርቱን ተከትሎ ይሠራል። እናም እኔ በቢሮዬ፣ በባንክ፣ በክሊኒክ፣ በየቀኑ የምጠራው በአያቴ ስም ሆነ፤ ከኋላው ሳን ተጨምሮበት።

አያቴ በሕይወት ሳሉ እኔም እናቴም ስማቸውን ጠርተን አናውቅም። አባባ ነበሩ። ስማቸው የሚሰማው ቄሱ ለጸሎት ሲጠሩት ወይም ባለጉዳይ ሲመጣ ነው። ያንን ስም የቶኪዮ ነርስ በሰው የተሞላ ክፍል ውስጥ በአክብሮት ከፍ አድርጋ ስትጠራው፣ ብድግ የምለው እኔ ነኝ። የሀገራችን ልጆች በዚህ ጉዳይ ሲማረሩ አውቃለሁ፤ «እሱ እኮ ስሜ አይደለም» ብለው ሠራተኛውን ያስጨንቃሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል። እኔ ግን ደስ ይለኛል። ከሰባት ቤት አጥንት ቆጥሮ ለሚያድግ ሰው ያ ስም ባዕድ አይደለም፤ ሳን የሚሉት እኔን ብለው ነው፣ ክብሩ ግን አያቴ ዘንድ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ደንብ ያልተጠራ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ያሸነፈውን ጀግና ጃፓኖች እስከ ዛሬ «አበበ» ነው የሚሉት፤ ቢቂላ አይሉትም። ከኢትዮጵያ ነኝ ስል ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ፊታቸው ፈክቶ «አበበ!» ይላሉ፤ ልክ እኛ በምንጠራው ስም፣ ልክ እንደ ቤተኛ።

«ማጎብደድ» ወዳልኩት ልመለስ። ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ የሠርግ ፖስትካርድ በእጃቸው ይዘው ቢያዩ እወዳለሁ። አሁን በስልክ የሚላክ ጥሪ እየበዛ ቢመጣም የወረቀቱ አልጠፋም። ከጥሪው ጋር የመልስ ካርድ ይመጣል፤ ቴምብሩ ተለጥፎ፣ የጠሪው ስምና አድራሻ ታትሞበት። ጠሪው ከራሱ ስም ሥር «ሳማ» ብሎ አያሳትምም፤ ራስን ማክበር ይሆንበታልና። «ዩኪ» የምትል፣ ወደ እገሌ የሚሄድ የምትል ተራ ፊደል ያስቀምጣል። ተጋባዡ ካርዱን ሲመልስ ያቺን ፊደል በማስመሪያ በሁለት መስመር ይሰርዝና ከጎኗ «ሳማ» ብሎ በእጁ ይጽፋል። ካርዱን ሲገለብጠው ደግሞ «መገኘትዎ» እንደማለት ያለ የአክብሮት ቃል ታትሞ ያገኛል፤ ጠሪው ለእሱ ብሎ ያደረገው ነው። ከዚያ ላይ «ጎ» የምትለዋን የክብር ፊደል ሰርዞ «መገኘት» የምትለዋን ብቻ ይከብባል፤ ስለ ራሱ ነውና። «የከበረ ስምዎ» የሚለውም ላይ የከበረውን ሰርዞ ስሙን ይጽፋል።

ካርዱ በየቦታው ተሰርዞ፣ ቀለም በቀለም ሆኖ ይሄዳል። በሌላ አገር ቢሆን የተበላሸ ቅጽ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም ራሳቸውን ዝቅ አድርገዋል፣ ሁለቱም ሌላውን ከፍ አድርገዋል፤ ጌታና ሎሌ የለም። እንግዳ ሲገባ ቤተኛው «ኖር!» ብሎ ሲነሳ፣ እንግዳው «በእግዚአብሔር! አይነሱብኝ» ሲል ማን ነው ያጎበደደው? ማንም። ሁለት ሰዎች ቦታ እየተሰጣጡ ነው።

ይህ መልስ ሲያጣ ግን ያማል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ፈቃድ አውጥቶ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ ብዙዎቻችን የገባነው ሌሊቱን የሚሠሩ ሱቆች ውስጥ ነው። እዚያ የሚነገረው ኬይጎ ከመመሪያ ወረቀት የተሸመደደ ነው። ለገባው ሁሉ «ኢራሻይማሴ»፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ይባላል፤ ማንም አይመልስም፤ መመለስም አይጠበቅበትም። ከፍ ያለ የአክብሮት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ሲወረወርልኝ ያየሁበት ሌሊት ብዙ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንን ቋንቋ የሚናገሩ የሥራ ባልደረቦቼም ያንኑ ይቀበሉ ነበር። ቢሮ ውስጥም አለ፤ ሥራ ለጨረሰ ሰው «ጎኩሮሳማ» የሚለው የምስጋና ቃል ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው፤ የበታች ለአለቃው የሚለው «ኦትሱካሬሳማ» ነው። ታላቁ ሴንፓይ በተራ ቃል ሲያዝ ታናሹ በአንቱታ ብቻ እየመለሰ ሐሳቡን የሚውጥባቸው ስብሰባዎች አሉ። አንድ ወገን ብቻ ሲያጎነብስ ኬይጎ ሸክም ይሆናል። ልጆቻችን ማጎብደድ ያሉት ይህን አይተው ከሆነ እውነት አላቸው፤ ያዩት ግን የተጎዳውን ኬይጎ ነው።

ሰዎቹ ራሳቸው እየለወጡት ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ወንዱን ኩን ሴቷን ሳን ማለት ቀርቶ ሁሉም ልጅ ሳን እየተባለ ነው። ሻቾ፣ ቡቾ፣ ካቾ እያሉ በማዕረግ መጠራራትን ትተው ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጀምሮ ሁሉንም ሳን የሚሉ ኩባንያዎችም እየበዙ ነው። አዲሱ ሠራተኛ ሐሳቡን ለመናገር እንዲደፍር ብለው ነው። እኔ ይህን እደግፋለሁ። የፖስትካርዱ ስርዝ ግን ቢቀር ይቆጨኛል።

ወደዚያ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወይም የመምህራችሁ ረዳት፣ ስማችሁን አይቶ ግራ ይገባውና «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ለይስሙላ አይደለም የሚጠይቀው፤ የነገራችሁትን ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳን ጨምሮ ይጠራችኋል፣ ለሌሎችም ይነግርላችኋል። ስለዚህ መልሳችሁን አስባችሁበት ሂዱ። እኔ ለቢሮዬ የአያቴን ስም ሰጠሁ። የራሴን ስም እሁድ እሁድ፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በቶኪዮው የካትሱሺካ ክፍለ ከተማ፣ ቡና የሚያፈሉ እትዬዎች «ነይ ቁጭ በይ» ብለው ይጠሩኛል።